ኤንቪዲኤ ወይስ ጆውስ? ለዓይነ ስውራን የኮምፒውተር ጀማሪዎች የቀረበ ንጽጽር

ከሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳና ከደብረ ሲና የሚደውሉልኝ ወዳጆች ላፕቶፕ በገዙ ማግስት የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ነው፤ በየትኛው ስክሪን ሪደር (ስክሪኑ ላይ ያለውን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) እንጀምር? እኔ ኤንቪዲኤን እመርጣለሁ፤ ምክንያቴም በመጀመሪያ ዋጋው ነው።

ጆውስ ስሙ የገነነ ፕሮግራም ቢሆንም ዘላቂ ፈቃዱ በብር ሲመነዘር ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚገዛበት ገንዘብ ይበልጣል። ኤንቪዲኤ ግን ማይክል ከረን የተባለ ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ እ.ኤ.አ. በ2006 መጻፍ የጀመረው ሲሆን፣ ለማውረድም ሆነ ለማደስ፣ በፍላሽ ገልብጦ ለጓደኛ ለመስጠትም ሳንቲም አይጠየቅበትም። ወጪው የኢንተርኔት ፓኬጅና ደኅና የጆሮ ማዳመጫ ነው።

«ጆውስም እኮ በርካሽ ይጫናል» የሚለኝ አይጠፋም፤ ክራክ የተደረገውን፣ ማለትም ፈቃዱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራውን ኮፒ ማለቱ ነው። አንድ መምህር ወዳጄ ደብረ ብርሃን ከሚገኝ ጥገና ቤት እንዲህ ያለውን ኮፒ በ800 ብር አስጭነው ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክራኩ ከሸፈና ፕሮግራሙ ፈቃድ ለሌለው ተጠቃሚ ወደሚሰጠው የ40 ደቂቃ ገደብ ተመለሰ፤ ፈተና በሚያዘጋጁበት ሰዓት በየ40 ደቂቃው ዝም እያለ ኮምፒውተሩን እንደገና ማስነሣት ግድ ሆነባቸው። ጥገና ቤቱ ተጨማሪ 500 ብር ተቀብሎ ላፕቶፑን ፎርማት አደረገው፤ ድምፅ እንዲወጣ የሚያደርገውን ፕሮግራም (የድምፅ ድራይቨሩን) ግን አልጫነውም። ባለሙያው ስክሪኑን አይቶ «ይሠራል» ብሎ ሸኛቸው፤ ቤት ሲደርሱ ማሽኑ ድዳ ነበር። ስለዚህ ማንም ቢጠግንላችሁ ማዳመጫችሁን ሰክታችሁ ድምፁን ሳትሰሙ ሒሳብ አትክፈሉ።

ኤንቪዲኤን ለመጫን ጥገና ቤት መሄድ አያስፈልግም። ኮንትሮል፣ ዊንዶውስና ኢንተር አንድ ላይ ሲጫኑ ዊንዶውስ 10 እና 11 ውስጥ ያለው ናሬተር የተባለ ስክሪን ሪደር መናገር ይጀምራል፤ በእርሱ እየተመሩ ኤንቪዲኤን አውርዶ መጫን ይቻላል። ለዕለት ሥራ ግን ናሬተር ላይ መቆየቱን አልመክርም።

ሲጫን ካፕስ ሎክ የኤንቪዲኤ ቁልፍ (ከሌሎች ቁልፎች ጋር ተይዞ ለኤንቪዲኤ ትእዛዝ የሚሰጥበት) እንዲሆን ምረጡ፤ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ኢንሰርት በጣት ተዳብሶ ለማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ካፕስ ሎክን ይዞ 1ን መጫን ነው፤ ከዚያ በኋላ የተነካ ቁልፍ ሁሉ ስሙን ይናገራል እንጂ ምንም አያበላሽም። የኪቦርዱን ቦታ እጃችሁ እስኪለምደው ድረስ በዚህ ብቻ ተለማመዱ። ንግግሩን ኮንትሮል ያስቆመዋል፤ ድረ ገጽ ላይ ኤች ከርእስ ወደ ርእስ፣ ኬ ከሊንክ ወደ ሊንክ ይወስዳል።

ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ የተባለ የንግግር ድምፅ አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ደረቅና ብረት ብረት የሚል ስለሆነ መጀመሪያ ላይ ያሰለቻል። ከየቢሮው በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ተጽፎ የሚመጣ ሰነድ ግን ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) ስላልሆነ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይነበባል፤ ይህንን ውዱ ጆውስም አያድነውም፤ ላኪውን በዩኒኮድ እንዲልክ መጠየቅ ነው።

መሥሪያ ቤት ሕጋዊውን ጆውስ ገዝቶ ከሥልጠና ጋር የሚሰጠው ሰው ይቀበል፤ ጠንካራ መሣሪያ ነው። ከኪሱ ለሚከፍል ግን አይታየኝም። ላፕቶፑ ገና በዊንዶውስ 7 የሚሠራ ከሆነ የቅርቡ ኤንቪዲኤ እንቢ ይለዋል፤ ለእርሱ የሚስማማው የመጨረሻው እትም 2023.3.4 ነው፤ ያም በነፃ ይገኛል።