ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ዕቃ በባሕር ያደረሰልኝ አገልግሎት እና «የአድማ ክፍያ» የተባለው 95 ዶላር

ቅዳሜ ሴፕቴምበር 14 ቀን 2024 ጠዋት ሁለት በርሜል ልብስና የቤት ዕቃ፣ እንዲሁም ለእናቴ የገዛሁትን ተሽከርካሪ ወንበር ይዤ ሜሪላንድ ውስጥ ወደሚገኝ አንድ የዕቃ መላኪያ መጋዘን ሄድኩ። ድርጅቱ የብዙ ሰው ዕቃ በአንድ ኮንቴይነር አሽጎ ከባልቲሞር እስከ ጅቡቲ በመርከብ፣ ከዚያም በከባድ መኪና አዲስ አበባ ድረስ የሚያደርስ ነው። ስሙን አልጠቅስም፤ ያን ሰሞን ከሌሎች ላኪዎች ተመሳሳይ መልእክት የደረሳቸው ወዳጆች ስላሉኝ ጉዳዩ የአንድ ቤት ብቻ አይመስለኝም።

መመስገን ካለበት ልጀምር። ዕቃዬን የተረከበኝ ወጣት የወንበሩን የእግር ማሳረፊያዎች በመፍቻ ፈትቶ እያንዳንዳቸውን በጋዜጣ ጠቀለላቸው፤ ብሎኖቹን በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ ከመቀመጫው ሥር በፕላስተር አጣበቃቸው። ጎማዎቹን በካርቶን ሸፈነ፤ ከዚያም የተቀባዩን ስምና ስልክ በወፍራም እስክሪብቶ በሦስት በኩል ጻፈ። «መርከብ ላይ አንዱ ቢላጥ ሁለቱ ይቀራል» አለኝ። ለዚህ ሁሉ ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀኝም። የዕቃው ዝርዝር ተጽፎ፣ 640 ዶላር ከፍዬ፣ ደረሰኝ ተቀብዬ ወጣሁ። ኮንቴይነሩ በዐሥር ቀን ውስጥ ከመጋዘን እንደሚወጣና ዕቃው ለገና አዲስ አበባ እንደሚደርስ በቃል ተነገረኝ።

ኦክቶበር 1 ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ በአሜሪካ ምሥራቅና በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ጠረፍ፣ ከሜይን እስከ ቴክሳስ ባሉ 36 ወደቦች፣ ወደ 45,000 የሚጠጉ የወደብ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ባልቲሞርም ከእነዚህ ወደቦች አንዱ ነበር። ማኅበራቸው በመላው ጠረፍ እንዲህ ያለ አድማ ሲመታ ከ1977 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። በማግሥቱ ከመላኪያው ድርጅት በስልኬ መልእክት ደረሰኝ፤ «በወደብ ሠራተኞች ስግብግብነት ምክንያት ዕቃችሁ ታግቷል» ይልና እያንዳንዱ ደንበኛ በአምስት ቀን ውስጥ 95 ዶላር የአድማ ክፍያ እንዲከፍል፣ ካልከፈለ ግን ዕቃው እንደማይጫን ያስጠነቅቃል። እናቴ ከአልጋ ወደ በረንዳ የምትወጣው በሁለት ሰው ተደግፋ ነበርና ሳላቅማማ ከፈልኩ።

አድማው ኦክቶበር 3 ማምሻውን ተነሣ። ሥራ የቆመው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ስልክ ደውዬ ገንዘቡ ይመለስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ መርከቦቹ ስለጨመሩብን አይመለስም ተባልኩ። እውነት ነው፤ አንዳንድ የመርከብ መስመሮች በአድማው ምክንያት ተጨማሪ ክፍያ እንደሚጠይቁ አስቀድመው አስታውቀው ነበር። ስለዚህ አመንኳቸውና ዝም አልኩ።

ገና ደርሶ ዕቃው ሳይደርስ ሲቀር የጭነት ሰነዱ ቅጂ ይላክልኝ አልኩ። ከብዙ ምልልስ በኋላ ላኩልኝ። ሰነዱ ላይ የኮንቴይነሩ ቁጥር አለ፤ በዚያ ቁጥር የመርከብ መስመሩ ድረ ገጽ ላይ ሲፈለግ ባዶው ኮንቴይነር ከወደብ የወጣበት፣ ሞልቶ የተመለሰበትና መርከብ ላይ የተጫነበት ቀን በተራ ይታያል። የእኔ ዕቃ ያለበት ኮንቴይነር ባዶውን ከወደብ የወጣው ኦክቶበር 11፣ ሞልቶ ወደብ የገባው ኦክቶበር 22 ነው። ሠራተኞቹ በር ላይ መፈክር ይዘው በቆሙባቸው ሦስት ቀናት በርሜሎቼና የእናቴ ወንበር ያንኑ መጋዘን ውስጥ፣ ያ ወጣት ያስቀመጣቸው ቦታ ላይ ነበሩ። ዕቃው የዘገየው ኮንቴይነሩን የሚሞላ በቂ ደንበኛ እስኪገኝ ሲጠበቅ ነው። ከዚያ በኋላ ለቆየበት ጊዜም የባሕሩን መንገድ ማሰብ ይገባል፤ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ስለሚጠቁ ብዙዎቹ መስመሮች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው ይሄዱ ነበር። ይህን ሁሉ ሰው በግልጽ ቢነግረኝ ኖሮ ቅር አይለኝም ነበር። ማስረጃውን ይዤ ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ «ሁሉም ሰው ከፍሏል» የሚል ነው።

ገንዘቡ ቆጭቶኛል፤ ይበልጥ የከነከነኝ ግን «ስግብግብነት» የሚለው ቃል ነው። ያ መልእክት ከስልክ ወደ ስልክ ተላልፎ በየቡናው መወያያ ሆነ። በእኛም ቤት አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ይኸው ተነሣ። አንዱ ዘመዳችን «አንድ ጫኝ በዓመት ሁለት መቶ ሺህ ዶላር እያገኘ እንዴት አድማ ይመታል? እኛ ታክሲ ላይ ስናድር ማን አየን?» አለ። ሌላው ደግሞ «የሰፈራችንን ጫኝና አውራጆች ነው የሚመስሉት፤ ባትፈልጋቸውም ካልከፈልክ ዕቃህን አታወርድም» ብሎ አከለበት። አዲስ አበባ ቤት የቀየረ ሰው ሁሉ ይህን ምሬት ያውቀዋልና ብዙዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ንጽጽሩን አልቀበለውም። በሰፈር የሚያስገድደው ቡድን የተጻፈ ውል የለውም፤ ዋጋውንም የሚቆርጠው ዕቃህን አይቶ ነው። የባልቲሞር ሠራተኞች ያቆሙት ሥራ ግን ለስድስት ዓመት የተፈረመ የኅብረት ስምምነት ሴፕቴምበር 30 ላይ አልቆ፣ አዲሱ ስላልተፈረመ ነው። ጊዜው ያለፈበት ውል ያለው ሰው ጉልበቱን መንሣት መብቱ ነው። በ1947 የወጣው የታፍት ሃርትሊ ሕግ ፕሬዚዳንቱ በፍርድ ቤት በኩል ለ80 ቀናት ሥራው እንዲቀጥል የሚጠይቁበትን መንገድ ቢሰጥም ፕሬዚዳንት ባይደን አልተጠቀሙበትም፤ ጉዳዩ በድርድር ይለቅ አሉ። ያን ጊዜ ብዙ ቢወቀሱም ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ።

ስለ ደመወዙም ቁጥሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በቀድሞው ውል አዲስ ገቢ በሰዓት 20 ዶላር ይጀምራል፤ ከስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ጣሪያው 39 ዶላር ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ ጀማሪው በዓመት 41,600፣ ነባሩ 81,120 ዶላር ያገኛል ማለት ነው። ሁለት መቶ ሺህ የሚባለው ከየት መጣ? የኒውዮርክን ወደብ ይቆጣጠር የነበረው ኮሚሽን ባወጣው ዘገባ በ2019–20 የበጀት ዓመት ከወደቡ ሠራተኞች ሲሶ ያህሉ ያን ያህል ወይም ከዚያ በላይ አግኝተዋል። ውሸት አይደለም፤ ነገር ግን ይህ ገቢ ትርፍ ሰዓት፣ ሌሊትና በዓል ተጨምሮበት የሚገኝ ነው። እኔ በአረጋውያን መጦሪያ ደብል ሺፍት የምሠራ ሰው ነኝ። የዓመት ገቢዬን ብቻ ያየ ሰው ደህና ይከፈላታል ሊል ይችላል፤ ከማታ እስከ ማግሥቱ ከሰዓት የቆምኩበትን እግሬን ግን አላየም። የሰው ደመወዝ ተገቢ ነው አይደለም ለማለት በመጀመሪያ በስንት ሰዓት እንደተገኘ መጠየቅ ይገባል፤ በዚያ እሑድ ቡና ላይ ግን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ማኅበሩ የጠየቀው በስድስት ዓመት 77 በመቶ ጭማሪ ነበር፤ ዩናይትድ ስቴትስ ማሪታይም አሊያንስ የተባለው የአሠሪዎች ኅብረት 50 በመቶ የሚጠጋ አቀረበ፤ በመጨረሻ በ62 በመቶ ተስማሙ፤ ጣሪያው በስድስት ዓመት ውስጥ በሰዓት 63 ዶላር ይደርሳል። ለሰሚው ትልቅ ቁጥር ነው። ሆኖም እነዚህ ሠራተኞች በኮቪድ ጊዜ ቤታቸው አልተቀመጡም፤ መርከብ እያራገፉ ነበር። በእነዚያው ዓመታት የመርከብ ኪራይ ሰማይ ነክቶ ኩባንያዎቹ ከዚያ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ገንዘብ ሰበሰቡ፤ ሜርስክ በ2022 ብቻ ከ29 ቢሊዮን ዶላር በላይ የተጣራ ትርፍ አስመዝግቧል። ያን ጊዜ አንድ በርሜል ለመላክ የጨመሩብንን ዋጋ የከፈልነው እኛው ነን፤ «ስግብግብነት» የሚል መልእክት ግን ማንም አልላከልንም።

በሠራተኞቹ ወገን ያለው ሁሉ ንጹሕ ነው አልልም። የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ሃሮልድ ዳጌት በ2023 ከማኅበሩና ከአንድ ቅርንጫፉ በድምሩ ከ900,000 ዶላር በላይ መቀበላቸው በይፋ የተመዘገበ ነው። በሰዓት 20 ዶላር የሚጀምር አባል ከሚያዋጣው ገንዘብ ይህን ያህል መውሰድ አግባብ አይመስለኝም፤ ትችቱም ለአሠሪዎቹ መሣሪያ ሆኗል። የመሪው ደመወዝ ግን የተራውን ሠራተኛ ጥያቄ ሐሰት አያደርገውም።

ሌላው የክርክሩ ግማሽ ማሽን ነው፤ እኛ ዘንድ እምብዛም አልተነሣም። በ1956 አይዲያል ኤክስ የተባለችው መርከብ 58 ኮንቴይነር ይዛ ከኒውዋርክ ወደ ሂዩስተን ስትጓዝ ከረጢትና ሣጥን በትከሻ የሚሸከመው ሰው ሥራ ማለቅ ጀመረ። የዛሬዎቹ ሠራተኞች አባቶቻቸው ያንን ያዩ ናቸው፤ ሰው አልባ ክሬን ሲባል ምን እንደሚመጣ ከቤታቸው ያውቁታል። ደመወዙ በኦክቶበር ቢፈታም የማሽኑ ጉዳይ እስከ ጃንዋሪ 15 ቀን 2025 ተራዝሞ፣ ስምምነት የተደረሰበት ጃንዋሪ 8 ነው። አባላቱም በፌብሩዋሪ መጨረሻ 99 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቁት። የባልቲሞሮቹ ደግሞ ከአድማው በፊት በ2024 መጋቢት ላይ ዳሊ የተባለችው መርከብ የፍራንሲስ ስኮት ኪን ድልድይ ገጭታ ስትጥለው የወደቡ መግቢያ ተዘግቶ ሳምንታት ያለ ሥራ የዋሉ ናቸው። ከድልድዩ ላይ ወድቀው የሞቱት ስድስቱ የጥገና ሠራተኞች እንደ እኛው ከሌላ አገር የመጡ ነበሩ። ይህን እያሰብኩ ነው ያንን የስልክ መልእክት ደግሜ ያነበብኩት።

ወደ ዕቃው ልመለስ። በየካቲት መጀመሪያ ወንድሜ ቃሊቲ ከሚገኘው መጋዘን ተረከበው። በርሜሎቹ እንደታሸጉ ናቸው፤ አንዲት ሳህን አልተሰነጠቀችም። ከወንበሩ ጎማ ላይ ካርቶኑ ተገሽልጦ ነበር፤ ስሙ ግን ወጣቱ እንዳለው በሁለቱ በኩል ቀርቷል። ብሎኖቹ ከመቀመጫው ሥር በፌስታላቸው ተገኙ። ወንድሜ ሲገጥመው በቪዲዮ እያየሁት ነበር፤ እናቴ ተቀምጣ ብቻዋን እስከ በሩ ድረስ ስትገፋው እጇ ጎማው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማርች ወር ለሌላ ጉዳይ መጋዘኑ ስሄድ ያንን ወጣት አገኘሁትና አመሰገንኩት። ያን ጊዜ ከተሰበሰበው የአድማ ክፍያ ለእናንተ የደረሳችሁ ነገር ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ስለ ክፍያው መኖር ከእኔ መስማቱ ነበር። በኦክቶበር ኮንቴይነር አልመጣም ተብሎ ለአንድ ሳምንት ያለ ደመወዝ ቤቱ ተቀምጧል።

ለዕቃ አያያዛቸው አምስት ከአምስት እሰጣለሁ፤ ይህም የሚገባው ለወጣቱና ለጓደኞቹ ነው። ቀኑን ለማክበር ሁለት፣ ለዋጋ ግልጽነት አንድ። እዚያ ዕቃ የሚሰጥ ሰው ተጨማሪ ክፍያ ሲጠየቅ ከመክፈሉ በፊት የኮንቴይነሩን ቁጥር ይጠይቅ፤ ቁጥር ገና የለም ከተባለ ዕቃው ገና ኮንቴይነር ውስጥ አልገባም ማለት ነው፤ በአድማ ምክንያት ወደብ ላይ ታግቷል ሊባል አይችልም። 95 ዶላሬ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ለፋሲካ የምልከውን በርሜል ለሌላ ላኪ ሰጥቻለሁ፤ እሱ 40 ዶላር ይበልጣል፤ ኮንቴይነሩ ወደብ የሚገባበትን ቀን ግን ደረሰኙ ላይ ጽፎ ፈርሞልኛል።