ጥብሱን ወደድኩት፣ ሙዙን ግን ከሜኑው አውጡት
ስሙን አልጠራም። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ፣ ገደል አፍ ላይ ያለ ምግብ ቤት ነው። የሄድነው እኔ፣ የሰባት ዓመት ልጄና ለዕረፍት የመጣችው ታላቅ እህቴ ነን። እህቴ የምትኖረው ሮተርዳም ነው።

መጀመሪያ ምግቡ። የበግ ጥብሱ ሸክላው ላይ እየተንጨረጨረ ነው የሚመጣው። የመንዝ በግ ነው አሉን፣ ስቡም ይመሰክራል። ቡናው ዘገየ። ብርዱን አትናቁት፣ ጋቢ ያዙ።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ሰው እዚህ ቤት የሚመጣው ለጥብሱ ሳይሆን ለጭላዳዎቹ ነው። በረንዳው ሥር ሣሩ ላይ ይሰፍራሉ። አስተናጋጁ ትዕዛዝ ሲቀበል "ለዝንጀሮዎቹስ ሙዝ ይምጣ?" ይላል። ይምጣ አልን። ልጅ ሆኜ እኔም ከአውቶቡስ መስኮት ዳቦ እወረውርላቸው ስለነበር ምንም አልመሰለኝም።

አንድ ጎፈሬያም ወንድ ቀረበ። ልጄ ዓይን ዓይኑን እያየ ገጥጦ ሳቀለት። ጭላዳው የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገለበጠና ድዱን አሳየ። በረንዳው ሁሉ "ሳቀ! ሳቀ!" እያለ ስልኩን አወጣ። እህቴ ልጁን ጎትታ ጀርባውን አዞረችው። "ምን ይስቃል! ራቁልኝ እያለ እኮ ነው" አለች።

የቦኪቶን ነገር ያወራችን ያኔ ነው። ቦኪቶ ሮተርዳም መካነ እንስሳት ውስጥ የነበረ ጎሪላ ነው። አንዲት ሴት እየተመላለሰች ዓይኑን እያየች ትስቅለት ነበር፤ የተዋደዱ መስሏታል። ጎሪላ ግን ሰው ሲያፈጥበትና ጥርሱን ሲያሳየው ጠብ የፈለገው ይመስለዋል። በፈረንጆቹ ግንቦት 2007 የውኃውን ቦይ ተሻግሮ ወጣ። ሴትዮዋን ክፉኛ አቆሰላትና ምግብ ቤት ገባ። እዚህ ላይ ሁላችንም ዞር ብለን ጭላዳውን አየነው። በኋላ አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ለጎብኚዎች ወደ ጎን የሚያዩ ዓይኖች የተሳሉበት መነጽር አደለ። ልጄ እስካሁን "እማዬ፣ ያንን መነጽር" እያለ ይነዘንዘኛል።

ጎሪላና ጭላዳ አንድ አይደሉም፣ አውቃለሁ። ጎሪላ ጭራ እንኳ የለውም። ጭላዳ ደግሞ የኛው አገር ብቻ ነው፣ ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው። ማፍጠጥን ግን ሁለቱም አይወዱም።

ሙዙ ሲያልቅ ሁለት ጎረምሳ ጭላዳዎች ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ያው ሙዝ ያመጣልን አስተናጋጅ ወንጭፉን ከወገቡ ፈታ! ሙዝም ድንጋይም ከአንድ ሰው እጅ። ሰው እጅ መጠበቅ የለመደው ጭላዳ ነገ የጎረቤት ገበሬ የገብስ ማሳ ውስጥ ቢገባ ማን ይከሰሳል?

አምና ጓሳ ሄጄ ነበር፣ የመንዝ ሰው በራሱ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ሣር። አስጎብኚው "እትዬ፣ ቁጭ ይበሉና ወደ ጎን ይመልከቱ" አለኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ የሰማሁት ጭላዳዎቹ ሣሩን ሲነጩ የሚወጣውን ድምፅ ነው። አንዳቸውም ቀና ብለው አላዩኝም። እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ቤት ገብቼ ሳነብ አንድ ነገር አገኘሁ። ቤልፋስት መካነ እንስሳት ውስጥ ጎሪላዎቹ በሚታዩበት መስኮት ላይ የወታደር ዓይነት መረብ ጋርደው ሞከሩት። ሰው በመረቡ በኩል ያያል፣ ለጎሪላዎቹ ግን የተመልካቹ ፊት ይደበዝዛል። ጥናቱ በፈረንጆቹ 2004 ታተመ። ጎሪላዎቹ እርስ በርስ መጣላታቸውና አንድን ነገር ያለ ምክንያት መደጋገማቸው ቀነሰ። መረብ ብቻ!

ምግብ ቤቱ ሁለተኛ ስሄድ ይህንኑ ለባለቤቱ ነገርኩት። በረንዳው ላይ የቀርከሃ ግርዶሽ ቢያደርጉ አልኩት።

"እትዬ፣ ሰው የሚመጣው እነሱን ሊያይ ነው። ከጋረድኩ ምን ያያል?"

"ቀዳዳ ይተዉለት።"

ሳቀ። ሙዙም እዚያው ሜኑው ላይ ነው። እኔ ጥብሱን ደግሜ አዘዝኩ፣ የተቀመጥኩት ግን በመንገዱ በኩል ነው።