አንጀቴን ላራሰው ልጅ፣ እጅህ ይባረክ!

የሁለት ዓመት ራስ ምታቴን አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ ልጅ ስለገላገለኝ ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

ጎንደር ፒያሳና አዘዞ የግንባታ ዕቃ መሸጫ አለኝ። የሁለቱ ሱቅ ሒሳብ ተገናኝቶ አያውቅም፣ ማታ ማታ በፍላሽ ነበር የምናመላልሰው። አንዱ ባለሙያ ላገናኘው ብሎ መጣና ለሶፍትዌር ፈቃድ ብሎ ብዙ ብር ተቀበለኝ፣ ዳታውን አሻግራለሁ ሲል የአራት ወር ዱቤ ውሃ በላው። ስደውል አያነሳም። ሌላው ደግሞ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ይሄ አይሞከርም ብሎ ሄደ፣ ቀብዴንም አልመለሰም። ስንት ሌሊት እንዳለቀስኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

ይሄ ልጅ ግን ሲገባ ምንም አልነካም። "እትዬ፣ መጀመሪያ ኮፒ እንያዝ" አለ። ኮፒውን በራሱ ላፕቶፕ ከፍቶ የአንድ ደንበኛዬን ዱቤ እንድፈልግ አደረገኝ። ሳንቲም አልጎደለም። እዚያው ልቤ አረፈ።

የሚሠራበት ፖስትግሬስ የሚባል ነፃ ዳታቤዝ፣ ማለት የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። በፈረንጆቹ 2023 የወጣው 16ኛው ቨርዥን፣ ከአዘዞ የመጣ ሽያጭ ተመልሶ ወደ አዘዞ እየሄደ እንዳይሽከረከር ማድረግ ያስችላል አለኝ፣ ሁለቱም ሱቅ ስለሚመዘግብ ለኛ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ሌላውን እሱ ይወቀው።

ከዚያ አዘዞ ላይ የኔትወርኩን ኬብል ነቀለው። ደነገጥኩ። "አሁን ይሽጡ" አለኝ። ሁለት ኪሎ ሚስማር ሸጥኩ። ፒያሳ ያለችው ልጄ ጋ ስደውል ምንም አልመጣም አለች። ሻይ ጠጣንና ኬብሉን መለሰው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፣ "እማ፣ ሁለት ኪሎ ሚስማር መጣ!" እልል አልኩ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ሶፍትዌሩ ነፃ ስለሆነ የሚከፍሉኝ ለሥራዬ ብቻ ነው አለኝ። ያኔ ለፈቃድ የተቀበሉኝ ብር ትዝ ብሎኝ አንጀቴ አረረ።

በከተራ ዕለት ደግሞ ፒያሳ መብራት ጠፍቶ ስለዋለ፣ ያልተላከው እየተጠራቀመ የአዘዞውን ኮምፒውተር ዲስክ ሊሞላው ደርሶ ነበር። ታቦት ሊወጣ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶታል፣ ባጃጅ የለ፣ ታክሲ የለ። ልጁ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ በእግሩ መጣ። ወጥ እንኳን አልቀመሰም፣ አስተካክሎ ወደ ታቦቱ ሮጠ።

ሁለት ሦስት ሱቅ ያላችሁ፣ ፋርማሲ ያላችሁ፣ እባካችሁ እሱን ጥሩ! እንደኔ ሳትቃጠሉ ጥሩት። ስልኩን አደባባይ ላይ እንዳልጽፍበት ስለነገረኝ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እሰጣችኋለሁ።