ለኔትወርክ ቴክኒሺያኗ ትልቅ ምስጋና፣ ራውተር አልሰራ ላላችሁም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ፖስት ቀደም ብዬ ልፅፈው ነበር ግን ነገሩ በደንብ መስራቱን ሳላይ ሰው ማመስገን አልፈለኩም፣ አሁን ሶስት ሳምንት ሞልቶታል፣ ስለዚህ በሙሉ ልብ ነው የምፅፈው።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። የድሮው ራውተራችን ሲግናሉ የኋላ ክፍሎች ጋ አልደርስ ስላለ አዲስ ገዛን። ሰካሁት፣ ዋይፋዩ ወጣ፣ ስልኬ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ነው ግን ስሩ ላይ ኢንተርኔት የለም ይላል። አጠፋሁ አበራሁ፣ ገመድ ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ገብቼ ያገኘሁትን ሁሉ ነካካሁ፣ ወይ ፍንክች። ታናሽ እህቴ ደግሞ በዛው ሳምንት የኦንላይን ፈተና ነበራት፣ ልጅቷ በስልክ ዳታ እየተቆራረጠባት ስታጠና ማየት በጣም ነው ያስጨነቀኝ።

መጀመሪያ የጠራነው ባለሙያ ገና እንደገባ ምንም ሳይጠይቅ አዲሱንም አሮጌውንም ራውተር በመርፌ ሪሴት አደረጋቸው (ሴቲንጉ ሁሉ ጠፍቶ ከፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል ማለት ነው)፣ አሮጌው እኮ ቢያንስ ይሰራ ነበር! ከዛ እሱም መስራት አቆመ። "ችግሩ የመስመሩ ነው" ብሎ ሄደ። ኢንተርኔት የሚያቀርቡልን ጋ ስንደውል ደግሞ ከኛ በኩል መስመሩ ሰላም ነው ይሉናል። መሃል ላይ ቀረን በቃ።

በሶስተኛው ቀን አንድ የስራ ባልደረባዬ ይቺን ልጅ ጠቆመኝ። ስትመጣ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ላፕቶፕ መክፈት አልነበረም፣ አጎንብሳ ገመዶቹን ከግድግዳው ጀምራ አንድ በአንድ በእጇ ተከተለቻቸው። ከፋይበር ሳጥኑ የሚመጣው ገመድ ላን (የቤት ውስጥ እቃዎች የሚሰኩበት) ላይ ነበር የተሰካው፣ መሰካት ያለበት ዋን (ከውጭ የሚመጣው መስመር የሚገባበት) የሚለው ላይ ነው፣ ብዙ ራውተር ላይ ለብቻው በሌላ ቀለም የተሰራው ቀዳዳ ማለት ነው። እሱን አስተካከለችና ቀና ብላ "የመስመራችሁ ዩዘርኔም የት ነው ያለው?" አለችን። እስከዛ ቀን ድረስ ይሄን ጥያቄ የጠየቀን ሰው አልነበረም። እኔ የዋይፋዩን ፓስወርድ ልነግራት ስል "እሱ አይደለም ወንድሜ" ብላ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ።

ሶስት ፓስወርድ ነው ያለው። አንዱ ስልካችሁ ከራውተሩ ጋር የሚገናኝበት የዋይፋይ ፓስወርድ ነው፣ አንዱ የራውተሩን ሴቲንግ ለመክፈት የምትገቡበት ነው፣ ሶስተኛው ራውተሩ ራሱ አቅራቢዎቹ ጋ ሲደርስ እኔ እከሌ ነኝ ብሎ የሚገባበት ነው። የኛ መስመር ፒፒፒኦኢ የሚባለው፣ በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚገባበት አይነት ስለሆነ ያለ ሶስተኛው አይሰራም፣ አዲሱ ራውተር ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ አድሬስ በራሱ እንዲቀበል ዳይናሚክ አይፒ ላይ ነው የተደረገው። ማንም ስላልነገረው ዝም ብሎ ይጠብቃል። የድሮው ራውተር ውስጥ ይሄ ዩዘርኔም ለአመታት ተቀምጦ ነበር፣ ያ ሪሴት ነው ያጠፋብን። እውነት ለመናገር ይሄን ስሰማ በጣም ነው የተናደድኩት፣ አንድ ፎቶ አንስቶ ቢሆን ኖሮ እኮ ያን ሁሉ ቀን አንቸገርም ነበር።

ከዛ ላፕቶፔን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኘችና ወንበሩን ለኔ ለቀቀችልኝ። "አንተ ፃፍ፣ እኔ አያለሁ" አለችኝ። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብዬ ገባሁ (አንዳንዱ 192.168.0.1 ነው፣ ራውተሩ ስር የተለጠፈው ስቲከር ላይ ይገኛል)። ስታተስ የሚለውን አስከፈተችኝና የዋን አይፒ (አቅራቢዎቹ ለራውተሩ የሚሰጡት አድሬስ) የሚለውን በጣቷ አሳየችኝ፣ 0.0.0.0 ይላል፣ ምንም አልደረሰውም ማለት ነው። "እውነቱን የሚነግርህ ይሄ ቁጥር ነው፣ የዋይፋዩን ምልክት አትመነው፣ እሱ የሚያሳይህ ከራውተሩ ጋር መገናኘትህን ብቻ ነው" አለችኝ። ይቺ አንዲት አረፍተ ነገር ስንት ቀን ታድነኝ ነበር።

መስመሩ በአባቴ ስም ስለሆነ መደወል ያለበት እሱ ነው። "አባባ፣ እርስዎ ይደውሉና እነዚህን ይጠይቁልኝ" ብላ ወረቀት ላይ ፅፋ ሰጠችው። የግንኙነቱ አይነት ምንድነው፣ ዩዘርኔምና ፓስወርዱ፣ ቪላን ቁጥር (አቅራቢው የኢንተርኔቱን መስመር የሚለይበት ቁጥር) አለው ወይ፣ የድሮው ራውተር ማክ አድሬስ (የእቃው መለያ ቁጥር) ተመዝግቦ አዲሱን የሚከለክል ነገር አለ ወይ። አባቴ ቴክኖሎጂ አይወድም ግን ወረቀቱን ይዞ እያነበበ ሲጠይቅ እዛ ያለው ሰው ወዲያው ነው የመለሰለት። ስንት ጊዜ ደውለን "ኢንተርኔት አይሰራም" ብቻ እያልን ነበር፣ እያንዳንዱን ነገር በስሙ ጠርተን ስንጠይቅ ግን በአስር ደቂቃ አለቀ። ቪላን የኛ አለው፣ እሱን ካላስገባችሁ ዩዘርኔሙ ትክክል ቢሆንም ምንም አይሆንም። የናንተ ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ ከሰው አትገልብጡ፣ ከራሳችሁ አቅራቢ ጠይቁ።

አይነቱን ፒፒፒኦኢ አድርጌ ሁሉንም ሞላሁና ሴቭ አልኩት፣ እምቢ አለ። ልቤ ነበር የወደቀው። እሷ ግን ምንም አልደነገጠችም፣ ሎጉን (ራውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን) ከፍታ አየችና "ጥሩ ነው፣ አሁን እኮ እነሱ ጋ ደርሰሃል፣ ማንነትህን ነው ያልተቀበሉህ" አለችኝና የፃፍኩትን ጮክ ብዬ ፊደል በፊደል እንዳነበው አደረገች። ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውን የዩዘርኔሙን ጭራ ትቼዋለሁ፣ የኢሜል ነገር መስሎኝ። እሱን ጨምሬ እንደገና ሴቭ፣ ከዛ 0.0.0.0 የነበረው ቦታ ላይ እውነተኛ አድሬስ መጣ። እህቴ ከኋላዬ ቆማ ነበር፣ ጩኸቷን መግለፅ አልችልም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ጋ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እሷ የተለያዩ ነገሮች እያስከፈተች ሞከረች፣ አንዳንድ ገፅ ቶሎ ይከፍታል አንዳንዱ ግን እየዞረ ይቀራል። ኤምቲዩ (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) የሚለው ላይ 1500 ተፅፏል፣ ለካ እኔው ነኝ ቀደም ብዬ ስነካካ የቀየርኩት። አንድ ፓኬት (ዳታው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) በተለምዶ እስከ 1500 ባይት ይይዛል፣ ፒፒፒኦኢ ደግሞ ከሱ ላይ ለራሱ 8 ባይት ይወስዳል፣ ስለዚህ 1492 መሆን አለበት፣ ካልሆነ ትላልቁ ፓኬት መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። 1492 አደረግነው፣ ያ መንገራገጭ ጠፋ።

ከዛ ወደ ዋይፋዩ ገባን። የሴቲንጉን ፓስወርድ ከፋብሪካ ከመጣው አስቀየረችኝ፣ ሴኪውሪቲውን ደብሊውፒኤ2 (የዋይፋይ መቆለፊያ አይነት ነው) ላይ አደረግነው፣ ደብሊውፒኤስ የሚባለውን በአንድ ቁልፍ የሚያገናኘውን አጠፋነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ፈጣን ነው ግን ግድግዳ ይበግረዋል፣ 2.4 ርቆ ይሄዳል ግን የጎረቤት ዋይፋይ ይረብሸዋል፣ የ2.4ን ቻናል ከ1፣ ከ6 እና ከ11 ጭር ያለውን መርጣ አደረገችው። ያ አሮጌውን ራውተርም አልጣለችውም፣ አይፒውን ወደ 192.168.1.2 ቀይራ፣ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮቹና ለላፕቶፑ አድሬስ የሚያድለውን) አጥፍታ፣ ከአዲሱ ላን ወደ አሮጌው ላን በገመድ አገናኝታ የኋላ ክፍሎቹ ጋ አስቀመጠችልን፣ መጀመሪያ አዲስ የገዛንበት ችግር በዚህ ነው ተጠናቆ የተፈታው። እህቴ ፈተናዋን አንዴም ሳይቆራረጥባት ተፈትናለች።

ስትወጣ አንድ ወረቀት አስፃፈችኝ፣ በራሴ እጅ። አይነቱ፣ ዩዘርኔሙ፣ ቪላኑ፣ ኤምቲዩው፣ የሁለቱም ራውተር አድሬስ። የሴቲንጉንም ባክአፕ ፋይል ላፕቶፔ ላይ አስቀመጥን። ባለፈው ሳምንት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኢንተርኔቱ አልገባ አለ፣ ስታተስ ከፈትኩ፣ 0.0.0.0። አልደነገጥኩም፣ ምክንያቱም ነግራኛለች፣ መብራት ድንገት ሲሄድ የድሮው ሴሽን (ቀድሞ የተከፈተው ግንኙነት) አቅራቢዎቹ ጋ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል፣ ራውተሩን አጥፍተህ ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ ብላኝ ነበር። እንዳለችኝ አደረኩ፣ ገባ። እሷን መጥራት እንኳን አላስፈለገኝም፣ ሲያስቡት ይሄ ለሷ ገቢ ማጣት ነው ግን አውቃ ነው ያስተማረችኝ፣ ክብር ይገባታል።

የተስማማነውን ነው የተቀበለችው፣ ጊዜው ከታሰበው በላይ ቢረዝምም ጭማሪ አልጠየቀችም። ቀጠሮዋ ግን ይጣበባል፣ ቀን ቀደም አድርጋችሁ ያዙ። ስልኳን እዚህ በአደባባይ አልለጥፍም፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉኝ እሷን አስፈቅጄ እልክላችኋለሁ። እንደዚህ አይነት ሰው ስራ እንዲበዛላት ከልቤ ነው የምፈልገው።

ከመደወላችሁ በፊት የራውተሩን ስቲከር ፎቶ አንሱ፣ መስመሩ የተመዘገበበት ሰው እቤት መኖሩን አረጋግጡ፣ ራውተሩ አሁን እየሰራ ከሆነ ደግሞ የዋን ገፁን ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ። እና እባካችሁ እሷ እስክትመጣ ድረስ ሪሴቱን ማንም እንዳይነካው።