የጤና ወሬ ሲደርሰኝ የምከፍታቸው ሁለት ገጾች

ቤተሰባችን ውስጥ የጤና መልእክት ሲዞር «እስቲ ይቺን እዪልን» የምባለው እኔ ነኝ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ሁለት ቦታ አዘወትራለሁ። አንዱ በኮቪድ ጊዜ የወጣው የሐሰት ወሬ ማረሚያ ነው። ሌላው የመድኃኒት ማስጠንቀቂያዎች የሚወጡበት ነው። ሁለቱም በነጻ ናቸው፤ ለኔ ግን እኩል አይደሉም።

ማረሚያው ለጥድፊያ ጥሩ ነው። አጭር መልስና ለመላክ የሚመች ምስል አለው። አክስቴ «ትንፋሽዎን 10 ሰከንድ ይዘው ካላሳለዎት ኮሮና የለብዎትም» የሚለውን ስትልክልኝ መልሱ እዚያው ነበር፤ ማረጋገጫው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው ይላል። ስለ ነጭ ሽንኩርት የጻፉትን ደግሞ ወድጄዋለሁ። ለጤና ጥሩ ምግብ ነው፣ ኮሮናን እንደሚከላከል ግን ማስረጃ የለም። ያመነበትን ሰው አያሸማቅቅም። ቅር የሚለኝ፣ የነገውን ወሬ በራሴ እንድለይ አያስተምረኝም።

ያንን የተማርኩት ከሁለተኛው ገጽ ነው። ኦክቶበር 5 ቀን 2022 (እ.ኤ.አ.) ጋምቢያ ውስጥ ስለተገኙ አራት ሽሮፖች የወጣውን ክፈቱ። የእያንዳንዱ ስም አለ። አምራቹ አለ። የተገኘባቸው መርዝ ዳይኢቲሊን ግላይኮልና ኢቲሊን ግላይኮል መሆኑ ተጽፏል። ምልክቶቹም አሉ፦ ሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ሽንት እምቢ ማለት፣ ከዚያ የኩላሊት ጉዳት። በእጃችሁ ካለ አትጠቀሙ፣ ከተጠቀማችሁ ቶሎ ሐኪም አማክሩ ይላል። «የሳል ሽሮፕ ሁሉ መርዝ ነው» አይልም። «ለምትወዱት ሁሉ ላኩ» የሚል ነገርም የለበትም።

አሁን ማንኛውም መልእክት ሲመጣ የምፈልገው ይሄንኑ ነው፦ የትኛው ነገር? ማን አለ? መቼ? እኔስ ምን ላድርግ? መልኩን አይቼ ግን አልጥልም። «በረኪናን ከአሲድ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ» የሚለው በቀይ ፊደልና በቃለ አጋኖ ታጅቦ ነው የመጣልኝ፣ የለየለት ወሬ ይመስላል። ግን እውነት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ሳንባ ይጎዳል። ሁሉንም «ወሬ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ሁሉን ከሚያምነው ያልተናነሰ ያሳስበኛል።

ለማረሚያው ከ5 3፣ ለማስጠንቀቂያው 4 ሰጥቻለሁ። ሁለቱም ላይ የቀነስኩት በቋንቋ ነው። ከድርጅቱ ስድስት ይፋዊ ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም፤ አክስቴ ራሷ ከፍታ ልታነበው አትችልም።