ሆላንድ ስትሄዱ አልጋ የት ትይዛላችሁ? አምስተርዳም፣ ዩትሬክት፣ ሮተርዳም ወይስ ገጠር

ለሸንገን ቪዛ ስናመለክት የት እንደምናድር ማሳየት ግድ ነው። ሆላንድ የሚሄድ ሰው ታዲያ ብዙም ሳያስብ «አምስተርዳም» ብሎ ይገላገላል። እኔም የመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያው ነው ያደረግኩት። አምስት ሌሊት አምስተርዳም ያዝኩ። ከዚያ ሦስቱን ቀን ጠዋት ባቡር ተሳፍሬ ወጣሁ፣ ማታ እግሬን እየጎተትኩ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ብር የከፈልኩት ለእንቅልፍ ብቻ ነበር።

አገሪቱ ትንሽ ናት። ስፋቷ 41 ሺህ 500 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአማራ ክልልን ሲሶ እንኳ አይሞላም። አምስተርዳም፣ ዩትሬክት፣ ሮተርዳምና ዘ ሄግ አንዱ ከሌላው በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም። ስለዚህ የትም ብታድሩ የፈለጋችሁበት ትደርሳላችሁ። ማወዳደር ያለባችሁ ዋጋውንና ማታ ስትመለሱ የሚጠብቃችሁን ሰፈር ነው።

ከአምስተርዳም እንጀምር። አትዩዋት አልልም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በተቆፈሩት ቦዮች ዳር አመሻሽ ላይ መንሸራሸር፣ ራይክስሙዚየም ገብቶ የሬምብራንትን ሥዕሎች ማየት፣ የቫን ጎግ ሙዚየም፤ እነዚህ ምትክ የላቸውም። አይሁዳዊቷ ልጅ ከናዚዎች ተደብቃ ማስታወሻዋን የጻፈችበት የአን ፍራንክ ቤት ግን ድንገት ሄደው የሚገቡበት አይደለም። ቲኬቱ የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው። በየማክሰኞው ከስድስት ሳምንት በኋላ ላለው ሳምንት ይለቀቅና ቶሎ ያልቃል። ቪዛው እንደወጣ መጀመሪያ እሱን ያዙ።

ኪስ የሚጎዳው ማደሪያው ነው። ከተማዋ በክፍሉ ዋጋ ላይ 12.5 በመቶ የቱሪስት ግብር ትጥላለች። በዚያ ላይ በመላ አገሪቱ የማደሪያ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከ9 ወደ 21 በመቶ ወጥቷል። ስልካችሁ ላይ ያያችሁት ዋጋ ግብሩን ያካትት አያካትት ሳታረጋግጡ እንዳትከፍሉ። ሌላው ደግሞ ደረጃው ነው። የድሮዎቹ ቤቶች ጠባብ ስለሆኑ ደረጃቸው ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ መሰላል ቢባል ይቀላል። እኔ ያረፍኩበት ቤት ሊፍት አልነበረውም። 23 ኪሎ ሻንጣ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁ፤ አንድ እጄ ሻንጣው ላይ፣ አንዱ ከግድግዳው ጋር የታሰረው ገመድ ላይ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ መስኮቱንና ቦዩን ብቻ ነበር የሚያሳየው። እናታችሁን ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ «ሊፍት አለ ወይ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዩትሬክት የእኔ ምርጫ ናት፤ ማዳላቴን ከአሁኑ ልናገር። ከስኪፖል አየር ማረፊያ በቀጥታ ባቡር ግማሽ ሰዓት ነው፣ ከአምስተርዳምም ከዚያ አይበልጥም። የአገሪቱ መሐል ላይ ስለሆነች ባቡሩ ወደ ሁሉም አቅጣጫ አለ። የድሮው ቦይዋ ከአምስተርዳሞቹ የሚለየው ሁለት እርከን ስላለው ነው። ላይኛው መንገድ ነው። ታች፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ ድሮ ዕቃ የሚራገፍባቸው ምድር ቤቶች አሉ፤ ዛሬ ብዙዎቹ ካፌና ምግብ ቤት ሆነዋል። ታች ወርዳችሁ ቡና ስታዝዙ ብስክሌቱና ጫጫታው ከራሳችሁ በላይ ያልፋል፣ ጀልባው ደግሞ ከእግራችሁ ሥር።

እዚያው የዶም ግንብ አለ። ቁመቱ 112 ሜትር ነው፣ 465 ደረጃ ይወጣል። ግንቡና ቤተ ክርስቲያኑ ተለያይተው መሐላቸው አደባባይ መሆኑ ግራ ያጋባችሁ ይሆናል። በ1674 የነፋው ማዕበል መካከለኛውን የሕንፃ ክፍል ስላፈረሰውና ስላልተሠራ ነው። ባቡር ጣቢያው ሥር ደግሞ 12 ሺህ 500 ብስክሌት የሚያቆም ቦታ አለ። የቱሪስት ቦታ አይደለም፤ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሰዉ ብስክሌቱን ሳይወርድ እየነዳ ሲገባ አይቶ አለመገረም ያስቸግራል። የዩትሬክት ጉድለት? ትልልቅ ሙዚየም ለሚፈልግ ሰው ሁለት ቀን ከበቂ በላይ ነው።

ሮተርዳም ሌላ አገር ትመስላለች። መሐል ከተማዋ ሜይ 14 ቀን 1940 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ። ስለዚህ የድሮ ቤትና ጠባብ ቦይ የናፈቀ ሰው እዚህ ቢያድር ይከፋዋል። ዘንበል ያሉት የኩብ ቤቶች፣ ጣሪያው ውስጡን በግዙፍ የፍራፍሬና የአትክልት ሥዕል የተሸፈነው የገበያ አዳራሽ፣ የኤራስመስ ድልድይ፤ የሚታየው ይህ ነው። ልጆች ይወዱታል። ሆቴሉ ብዙ ጊዜ ከአምስተርዳም ረከስ ይላል፣ ክፍሉም ሰፋ ያለ ነው። ትልቁ ጥቅሟ ግን በውሃ አውቶቡስ ኪንደርዳይክ መሄድ መቻላችሁ ነው። እዚያ 19 የነፋስ ወፍጮዎች ተደርድረው ቆመዋል። አምስተርዳም ያደረ ሰው የሚሄደው ቅርብ ወደሆነው ዛንሰ ስካንስ ነው፤ እሱም ያምራል፣ ግን ሰው በሰው ነው። ወፍጮ ለማየት ከሆነ እኔ ኪንደርዳይክን እመርጣለሁ። እንጀራ ለናፈቀው በሮተርዳምም በአምስተርዳምም የሐበሻ ምግብ ቤት አይጠፋም።

ዴልፍትና ዘ ሄግ ለቀን ጉዞ ይበቃሉ። ዴልፍት ከሮተርዳም ሩብ ሰዓት ነው። ዘ ሄግ ውስጥ «ባለ ዕንቁ ጉትቻዋ ልጅ» በሚባለው ሥዕል የታወቀው የማውሪትስሃውስ ሙዚየም አለ፤ በትራም ትንሽ ሄዳችሁ ደግሞ ባሕር ዳርቻ። በነገራችን ላይ አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ላይ የያዘውን ፓተንት እዚያው አገር ውስጥ የሻረው ፍርድ ቤት ያለው ዘ ሄግ ነው። ማስትሪክት ከአምስተርዳም ሁለት ሰዓት ተኩል ይርቃል፤ ጉዞውን ወደ ቤልጅየም ለሚቀጥል ካልሆነ አልመክርም። «ተራራ አለ» ይሏችኋል። አገሪቱ አውሮፓ ውስጥ ያላት ከፍተኛ ቦታ እዚያ አካባቢ ነው፣ 322 ሜትር። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው ፈገግታ ነው።

ገጠሩን ለሁለተኛ ጉዞ አቆዩት እላለሁ፤ አውቶቡሱ እንደ ከተማው አይመላለስም። ያም ሆኖ ከሄዳችሁ፣ ጊትሆርን የምትባለው የቦይ መንደር ቀን ቀን አትድረሱ። በበጋ ቦዮቹ ላይ የጀልባ መጨናነቅ አለ፣ ሹፌሩም ሁሉ የዛሬ ጀማሪ ነው፤ እርስ በርስ ይጋጫል። እዚያው አድራችሁ ጠዋት በማለዳ ውጡ። ሆገ ፌሉወ ብሔራዊ ፓርክ ግን በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጣል። መግቢያ ከከፈላችሁ በኋላ 1 ሺህ 800 ነጭ ብስክሌቶች በነፃ ቆመው ይጠብቃሉ። አንዱን አንስታችሁ በጫካው ውስጥ ክሮለር ሙለር ሙዚየም ድረስ መንዳት ነው፤ ብዙ የቫን ጎግ ሥዕሎች አሉት፣ ሰልፉም እንደ አምስተርዳሙ አይደለም።

ቱሊፕ አበባ የምትሉ፣ ኩከንሆፍ የሚባለው የአበባ መናፈሻ የሚከፈተው ከማርች አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ብቻ ነው። በሌላ ወር የሚሄድ ሰው አልስሜር ያለውን የአበባ ጨረታ በሥራ ቀን በማለዳ ማየት ይችላል። ከላይ ባለው መተላለፊያ ሆናችሁ የአበባ ጋሪዎቹ ሲርመሰመሱ ታያላችሁ። ከዝዋይ የመጣው ጽጌረዳ ከመካከላቸው ሊሆን ይችላል።

ትራንስፖርቱ የትም ብታድሩ አንድ ነው። ባቡር፣ ትራምና አውቶቡስ ላይ የባንክ ካርዳችሁን ስትገቡ ታስነካላችሁ፣ ስትወጡ ታስነካላችሁ። ሁለት ሰው በአንድ ካርድ መግባት አይችልም፤ ባልና ሚስት የየራሳቸውን ይያዙ። ሲወጡ መርሳት ያስቀጣል፣ እኔን ጠይቁኝ።

ብስክሌት ስትከራዩ ደግሞ ብሬኩ የት እንዳለ ጠይቁ። ብዙዎቹ እጀታቸው ላይ ምንም የላቸውም። የሚቆሙት ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ነው። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ድልድይ እየወረድኩ፣ ጣቶቼ የሌለ ብሬክ ሲጨብጡ ነው።