የደብረ ብርሃኗ የጆሮ መብሻ ክፍል፣ ከስድስት ወር በኋላ

ጆሮዬን ካስበሳሁ ስድስት ወር ሞላኝ። ይህን ጽሑፍ ሆን ብዬ ነው ያዘገየሁት። የጆሮ ብስ በዕለቱ አይፈረድም። የዚያን ቀን ሁሉም ያምራል። ጉዱ የሚታየው ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው ወር ላይ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሐበሻ ቀሚስ እሰፋለሁ። ቀኑን ሙሉ መርፌ ከእጄ አይለይም። ስለዚህ ስለ መርፌ ሳወራ ከረዘመብኝ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ወደዚህች ክፍል ያመጣኝን ልንገራችሁ። በ2014 ዓ.ም. አንድ የውበት ሳሎን ገብቼ የግራ ጆሮዬን የላይኛውን ጠርዝ አስበሳሁ። ጠንከር ያለውን፣ ልም አጥንቱን ማለቴ ነው። የበሱኝ በሽጉጥ ነው፤ ጉትቻውን ራሱን እየገፋ በሚያስገባው በፕላስቲኩ መሣሪያ። ቀጭ አለ፣ አለቀ። 200 ብር ከፍዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ጆሮዬ አብጦ እንደ ፍም ጋለ። የጉትቻው ዘንግ አጭር ስለነበር እብጠቱ መሄጃ አጣ። የኋላ መያዣው ቆዳዬ ውስጥ ገብቶ ተቀበረ። ያወጡልኝ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነው። መግል ቋጥሮ ነበር። መድኃኒት ዋጥኩ፣ ለሳምንታት በግራ ጎኔ መተኛት አቃተኝ። ዛሬም እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ።

ያረጀ መርፌ ጨርቅ ላይ ምን እንደሚሠራ አውቃለሁ። አይቆርጥም፣ ይገፋል። ክሩን ይስባል፣ ዙሪያውን ያጨማድደዋል። የሽጉጡ ጉትቻም ጫፉ ስለት የለውም። ሥጋውን ጨፍልቆ ነው የሚያልፈው። ታችኛው ለስላሳው ጆሮ ይህን ሊችለው ይችላል። ልም አጥንት ግን ደም በደንብ አይደርሰውም። አንዴ ከተጎዳ በቶሎ አይድንም፤ ቁስሉ ከመረቀዘም ማዳኑ ከባድ ነው። ያኔ ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሳሎኑ ደጃፍ ላይ አልደርስም ነበር።

እንግዲህ ወደ ክፍሏ ልምጣ። ከደሴ መንገድ ገባ ብሎ፣ ደረጃ ወጥታችሁ የምታገኟት አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ሳልበሳ ተመለስኩ። መብራት ጠፍቶ ነበር። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ከሃያ ስድስት ሃያ ሰባት ዓመት አታልፍም። «እህቴ፣ ዛሬ አልበሳሽም» አለችኝ። «ዕቃዎቼ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) ውስጥ ናቸው፤ ሳይጨርስ መብራት ሄደበት።»

«መርፌውን ብትቀቅይውስ?» አልኳት። እውነቴን ነው፣ የሚበቃ መስሎኝ ነበር።

«የምንኖረው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው» አለችኝ። «እዚህ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሽምብራ አልበስል ሲልሽ አላየሽም? እኔ የምፈልገው በግፊት የታመቀ የ121 ዲግሪ እንፋሎት ነው፤ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ። ድስት ይህን አይሠራም።» የፕላስቲክ ሽጉጥ ደግሞ ይህን ሙቀት እንደማይችል፣ በአልኮል ከመጥረግ ያለፈ ነገር እንደማይደረግለት ያወቅኩት ከእሷ ነው። ገቢዋን ትታ ደንበኛ መመለሷ ልቤን ያዘው። ኅዳር ውስጥ ነበር። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ።

ሁለተኛው ቀን ሦስት ሆነን ነው የሄድነው። እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የእህቴ ልጅ፣ እና ከመንዝ ለጥየቃ የመጣችው እናቴ። የእህቴ ልጅ አፍንጫዋን መበሳት ፈልጋለች። እናቴ ልትታዘበን ነው የመጣችው። እኔን ሕፃን ሳለሁ የበሳችኝ ራሷ ናት። በእሳት የለበለበችውን መርፌ ከነክሩ አሳልፋ፣ ክሩን ቋጥራ፣ ቅቤ ቀብታ። ቁስሉ ጠገግ ሲል በክሩ ፋንታ ቀጭን የስንደዶ ቁራጭ አስገባችልኝ።

ባለሙያዋ መጀመሪያ የነካችው የድሮውን ጠባሳዬን ነው። በጓንት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ዳሰሰችው። «ከቁስሉ ወሰን አልፎ አድጎ ያውቃል? ቤተሰብ ውስጥ ኬሎይድ ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ኬሎይድ ከቁስሉ ድንበር ወጥቶ የሚያድግ ጠባሳ ነው። በእኛ በጥቁሮች ላይ በብዛት ይታያል፤ ጆሮ ደግሞ ይወደዋል። የእኔ ትንሽ ሆኖ ባለበት የቀረ ስለሆነ የቀኝ ጆሮዬን ልም አጥንት ልትበሳልኝ ተስማማች። ኬሎይድ ቢሆን ኖሮ እንደማትበሳኝ ፊት ለፊት ነገረችኝ።

ከዚያ በቀለም ነጥብ አደረገችብኝ። ቆሜ በመስታወት እንዳየው አዘዘችኝ። አየሁት፣ ጥሩ ነው አልኳት። እሷ ግን አልወደደችውም። «መነጽርሽን አድርጊ» አለችኝ። ሳደርግ የመነጽሩ እጅ ነጥቡ ላይ አረፈ። ጠርጋ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ አደረገችው። እኔ ለአንዲት ቁልፍ ቦታ ሦስቴ የምለካ ሰው ነኝ፤ የእጅ ሥራ የምታከብር ሰው አይቼ ደስ አለኝ። መርፌውን ከእነ ፓኬቱ አሳየችኝ። ፓኬቱ ላይ ቀለሙ የተቀየረ ምልክት አለ፤ በእንፋሎቱ ውስጥ ማለፉን የሚናገረው እሱ ነው። መርፌው ውስጡ ክፍት ነው፤ ጫፉ እንደ ተቆረጠ ሸምበቆ የሰላ። «ትንፋሽሽን አውጪ» ስትለኝ አወጣሁ። አንዲት ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ሰማሁ፣ ከዚያ ሙቀት። ከሽጉጡ ያነሰ ነው ያመመኝ።

አሁን ስለ ጉትቻው። የክፍሏ ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ያስገባችልኝ ከቲታኒየም የተሠራ፣ ጀርባው እንደ ትንሽ ቁልፍ ጠፍጣፋ የሆነ ዘንግ ነው። ውፍረቱ 1.2 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 8 ሚሊሜትር። ለጆሮዬ የረዘመ መስሎኝ ነበር። «ለእብጠቱ ነው፤ በኋላ እናሳጥረዋለን» አለችኝ። የድሮው ጉትቻዬ የጎደለው ይኸው ቦታ ነበር። ለእህቴ ልጅ አፍንጫ ቀጠን ያለ፣ 1 ሚሊሜትር አደረገችላት። ቲታኒየሙ ሐኪሞች ሰውነት ውስጥ ከሚተክሉት ዓይነት ነው። ኒኬል ስለሌለው ቆዳ አያስቆጣም። ስቲል የሚባለው ውስጡ ኒኬል አለበት፤ ብዙ ሰው ይችለዋል፣ ኒኬል የማይስማማው ሰው ግን ሊያሳክከው ይችላል። ወርቅ 14 ወይም 18 ካራት ከሆነና ኒኬል ካልተቀላቀለበት ይሆናል። የተለበጠ ግን አይሆንም፤ ልባጡ ይላጣል።

እናቴ ሻሿን ፈትታ የብር ሎቲ አወጣች። የእናቷ ነበር። እዚያው እንዲገባልኝ ፈልጋለች። ባለሙያዋ ሎቲውን በሁለት እጇ ተቀብላ መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። «እማማ፣ ውብ ነው፣ እግዜር ይስጥዎት» አለቻት። «ግን ብር እርጥብ ቁስል ውስጥ ይጠቁራል፤ ቆዳዋ ላይም ጥቁር ምልክት ሊተውባት ይችላል። ክብደትም አለው። እርስዎ ራስዎ በበሷት በታችኛው ጆሮዋ ላይ ታድርገው፤ እሱ የዳነ ነው።» እናቴ ዝም ብላ አሰበችና «ልክ ነሽ ልጄ» አለቻት። ሎቲውን ያን ዕለት እዚያው አደረግኩት፤ እስከ ዛሬም አላወለቅኩትም።

እየጠበቅን ሳለ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋ ገባች። ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳች ናት። ጆሮዋ ይበሳ ነው። ባለሙያዋ የክትባት ካርዷን ጠየቀች። የ14ኛው ሳምንት ክትባት ገና ነው። የቴታነስ መከላከያው በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል፤ ሦስቱም ሲያልቅ አምጪያት ብላ መለሰቻት። ሴትየዋ ቅር ብሏት ወጣች። እኔ ግን ባለሙያዋን ደግፌያታለሁ።

መዳኑ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የታችኛው ጆሮ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይበቃዋል። የአፍንጫ ጎን ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል። የጆሮ ልም አጥንት ከስድስት ወር እስከ ዓመት። እምብርትም እንደዚያው፤ ቀበቶና የቀሚስ ወገብ እያሻሸው ይዘገያል። ምላስ በአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይድናል፣ ብረቱ ግን ጥርስና ድድ ሊጎዳ ይችላል። ከውጭ ደርቆ ስታዩት ከውስጥ ድኗል ማለት አይደለም።

የኔ እንክብካቤ ቀላል ነበር። ቀን ሁለቴ እጄን ታጥቤ በኖርማል ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውኃ) አርሼ በንጹሕ ጎዝ ማድረቅ። ሌላ ምንም። አልኮል የለም፣ ቤታዲን የለም፣ ቅቤም የለም። ማሽከርከርም የለም። ድሮ «አዙሪው፣ እንዳይጣበቅ» እንባል ነበር። ማዞር ግን አዲሱን ቆዳ መቅደድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነጣ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። እሱ መግል አይደለም። አትቅረፉት፣ በሳላይኑ ይለስልስ። ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ እየሰፋ የሚሄድ መቅላት፣ ትኩሳት ካለ ግን ወደ ሐኪም ነው። ጉትቻውን ራሳችሁ አታውልቁ፤ ቀዳዳው ይዘጋና መግሉ ውስጥ ይቀራል።

እዚህ አገር አንድ ሌላ ጠላት አለ፦ ብርዱ። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ነው። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሱፍ ኮፍያ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፤ ሁሉም ጆሮ ላይ ይደርሳል። የነጠላ ዘርፍ ጉትቻ ላይ ተጠምጥሞ ሲስብ ያለው ሕመም ዓይን ያስለቅሳል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ክር ውስጥ ነኝ። ጠፍጣፋው ጀርባ ከተለመደው ቢራቢሮ መሰል የኋላ መያዣ በምን እንደሚሻል የገባኝ ያኔ ነው፤ ክር የሚይዝበት ጥርስ የለውም። ለመኝታ መሐሉ ክፍት የሆነ ትራስ ሰፋሁ። ጆሮዬ ክፍቱ ላይ ያርፋል፣ አይጫንም። ከዚያ ወዲህ ለሁለት ደንበኞቼም ሰፍቻለሁ።

በሰባተኛው ሳምንት ቀዳዳው አጠገብ ትንሽ ቀይ እብጠት ወጣብኝ። ደነገጥኩ፤ የ2014ቱ መጣ አልኩ። ሄድኩላት። አይታ «ኬሎይድ አይደለም። እብጠትሽ ወርዷል፣ ዘንጉ ግን ገና ረጅም ነው፤ እየተወዛወዘ ነው ያቆሰለሽ» አለችኝ። በ6 ሚሊሜትር ቀየረችልኝ። ለአዲሱ ዘንግ 400 ብር ከፈልኩ፣ ለእጇ አላስከፈለችኝም። በሦስት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ጠፋ።

የእህቴ ልጅ ግን አልታገሠችም። በሁለተኛው ወር ከገበያ የገዛችውን አርቴፊሻል አፍንጫዋ ላይ አደረገች። በማግስቱ ቀላ፣ አሳከካት። ስታወልቀው ቀዳዳው በሰዓታት ውስጥ ጠበበ። ባለሙያዋ ሳትቆጣ ቲታኒየሙን መለሰችላት። አሁን ደህና ናት።

ያልወደድኩትን ልናገር። ውበት ለሚፈልግ ምርጫው ጥቂት ነው፦ ኳስ፣ ነጭ ፈርጥ፣ አንዲት ትንሽ ኮከብ። ዘንጉም በሁሉም ርዝመት አይገኝም። የእንክብካቤውን ትእዛዝ በቃሏ በፍጥነት ነው የምትነግራችሁ። የተጻፈ ወረቀት የላትም። እኔ የልኬት ደብተሬ ላይ ጽፌ ባልይዝ ኖሮ ግማሹን እረሳው ነበር። ሳላይኑን ደግሞ አንዴ ከተከፈተ ለቀናት ማስቀመጥ እንደማይገባ አልነገረችኝም። ፋርማሲ ውስጥ ነው የሰማሁት። ትልቁን ጠርሙስ ገዝቼ አብዛኛውን ደፋሁ። ትንሹን ፈልጉ።

ዋጋዋ የጆሮ ልም አጥንት ከነቲታኒየሙ 1,500 ብር፣ አፍንጫ 1,300 ብር ነው። ከ200 ብር ጋር ሲወዳደር ብዙ ይመስላል። እኔ ያኔ ለሐኪም፣ ለመድኃኒትና ለጠፋብኝ የሥራ ቀን ያወጣሁት ከዚህ ይበልጣል።

ቀጠሮ አትይዝም፤ ቀድሞ የመጣ ይቀድማል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ትከፍታለች። ከመሄዳችሁ በፊት ሰፈሩ መብራት እንዳለ ጠይቁ። ከሌለ አትበሳችሁም።